ፎርም ላይ በምልክት ቋንቋ የምታስረዳ አኒሜሽን፦ የፖሊ ልጆችን ምን ልበላቸው?

ኮፒ ቤቷ

ሰላም ቤቶች። ምክር ፈልጌ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባህር ዳር ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጠገብ ኮፒ ቤት አለኝ። ስሙ ኮፒ ቤት ይባል እንጂ አብዛኛው ሥራዬ ለሰው ኦንላይን ፎርም መሙላት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የፋይዳ ወረቀት ማተም፣ ምኑ ቅጡ። ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። አብረን ስላደግን የምልክት ቋንቋ እንደ አማርኛዬ ነው። ይህን ያወቁ መስማት የተሳናቸው ደንበኞች ከሽምብጥም፣ ከቀበሌ 14ም፣ ከዓባይ ማዶም እኔን ብለው ይመጣሉ። አንዳንዱ ባጃጅ ከፍሎ፣ አንዳንዱ በእግሩ።

በቅርቡ ከፖሊ ግቢ፣ ማለትም ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ተማሪዎች መጡ። ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው በአገልግሎት ድረ ገጽ ላይ የምትገባ፣ ጽሑፉን በምልክት ቋንቋ የምታስረዳ አኒሜሽን እየሠሩ ነው። አቫታር ይሏታል። ከእኔ የፈለጉት ምልክቶቹን እያየሁ እንዳርምላቸውና ደንበኞቼ እንዲሞክሯት ነው። እሺ ልላቸው ፈልጌያለሁ። ግን ነገሩ ከጅምሩ ቢስተካከል ይሻላል ብዬ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። «መስማት ባይችሉ ማንበብ ይችላሉ፤ እንዲያውም ኦንላይን ሲሆን ይቀላቸዋል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይቀላቸውም። ወንድሜ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። የኳስ ወሬ ቀኑን ሙሉ ያነባል፣ ቴሌግራም ላይ ይከራከራል። ግን አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ሰምቶት አያውቅም፤ የተማረው በዓይኑ ከሰሌዳ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። «አመልካቹ ከላይ የሞላው መረጃ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ በሕግ ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ መሆኑን ያረጋግጣል» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ቀጥ ይላል። ማን ነው አመልካቹ? ማን ነው የሚያረጋግጠው? እኛ የምንሰማውም ብንሆን አንብበን አይደለም የምንጫነው፤ ዝም ብለን «ተስማምቻለሁ» ብለን እናልፋለን። እሱ ሳይገባው መጫን አይወድም። ልክ ነው። በምልክት ቋንቋ ስነግረው ግን ነገሩ አጭር ነው፦ ውሸት ከጻፍክ ቅጣት አለ፣ እሺ ትላለህ? አለቀ።

ስለዚህ አኒሜሽኗ ቦታ አላት ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ የት ትቁም የሚለው ነው።

ልጆቹ ያሳዩኝ ሙከራ ላይ ከገጹ ቀኝ ጥግ ትቆማለች። ስትጫናት «እንኳን ደህና መጡ» ትልና ስለ መሥሪያ ቤቱ ዓላማና ራዕይ ታስረዳለች። እኔ ቤት መጥቶ ስለ ራዕይ የጠየቀ ሰው የለም። ሰው የሚቸገረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የአያት ስም የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ፎቶው «መጠኑ ትልቅ ነው» ተብሎ ሲመለስ ምን ይደረጋል? በሜሴጅ የመጣው ኮድ የት ይጻፋል፣ ለምንስ «ጊዜው አልፏል» ይላል? ብር ተቆርጦ ገጹ «አልተከፈለም» ሲል ወዴት ይኬዳል? በተለይ ያ በቀይ የሚጻፈው! ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ ብዙዎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ እኔ ይመጣሉ። እዚያ ቀዩ አጠገብ ካልደረሰችላቸው ጥግ ላይ መቆሟ ምን ይረባል?

ሌላው ፊቷ ነው። እጆቿ ቆንጆ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጣቶቿም ይለያሉ። ፊቷ ግን ዝም ነው። ለወንድሜ አሳየሁት። «አግብተዋል?» የሚለውን ጥያቄ አይቶ «ትጠይቀኛለች ወይስ ትነግረኛለች?» አለኝ። ለልጆቹ ስነግራቸው ገረማቸው። ፊትን እንደ ማሳመሪያ ነበር ያዩት፤ «በኋላ እንጨምረዋለን» ነበር ያሉት። ብዙ የምልክት ቋንቋዎች ውስጥ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ሲጠየቅ ቅንድብ ይነሳል፤ ማን፣ የት፣ መቼ ሲባል ደግሞ ይኮማተራል። እምቢታም፣ ጥርጣሬም፣ «በጣም» የሚለውም ፊት ላይ ነው ያለው። ሰዋስው ነው እኮ። በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም።

በጣም ደስ ያለኝንም ልንገራችሁ። ስም ጽፈህ ስትጫን በጣት ፊደል ትቆጥረዋለች። የጣት ፊደላችን በ1971 እ.ኤ.አ. ነው የተዘጋጀው፤ ለየፊደሉ ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «በ» እና «ቡ» ቅርጻቸው አንድ ነው፣ እንቅስቃሴያቸው ነው የሚለየው። ስለዚህ ልጆቹ ሁለት መቶ ምናምን ፊደል አንድ በአንድ መሥራት አላስፈለጋቸውም። ቅርጾቹንና ሰባቱን እንቅስቃሴዎች ሠርተው አገናኟቸው፤ ከዚያ በኋላ የማንንም ስም፣ የየትኛውንም ቀበሌ ስም ትጽፍልሃለች። ወንድሜ የአባታችንን ስም ስትቆጥር አይቶ ደጋግሞ ተጫናት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ የእንጨት ሥራ ይሠራል፣ እሱም መስማት የተሳነው ነው። ኦንላይን ማመልከቻ አብረን ሞላን። አንድም ስህተት አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ «በስልክ ደውለን እናረጋግጣለን» ይላል። ተደወለለት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አንስቶ ምን ይበል? በሜሴጅ «መስማት አልችልም፣ እባካችሁ ጻፉልኝ» ብሎ ላከ። መልስ የለም። ማመልከቻው «ለስልክ ጥሪ ምላሽ ባለመስጠቱ» ተብሎ ተዘጋ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ልተወው፤ ጉዳዩ በኋላ በአካል ሄደን ተስተካክሏል። ግን እስቲ አስቡት። በዓለም ምርጥ የተባለች አኒሜሽን ገጹ ላይ ብትኖር ለዚህ ሰው ምን ትፈይድለት ነበር? የሚያስፈልገው «ስልክ አትደውሉልኝ፣ ሜሴጅ ላኩልኝ» የምትል አንዲት ሳጥን ናት።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁ ወይም በሌላ አገር ያያችሁ ካላችሁ፦ አኒሜሽን ነው የሚሻለው ወይስ እውነተኛ ሰው ቀርጾ ማስገባት? ልጆቹስ ከየት ይጀምሩ? መስማት የተሳናችሁ ካላችሁ ደግሞ የእናንተን ቃል ከሁሉም አስበልጬ ነው የምጠብቀው።

የፖሊ ምሩቅ

መጀመሪያ እናመሰግናለን እህቴ። እኔም እዚያው ግቢ ነው የተማርኩት፤ አሁን ሶፍትዌር እሠራለሁ።

በቪዲዮና በአኒሜሽን መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የዳታና የእድሳት ነው። ቪዲዮ ከባድ ነው። አኒሜሽን ሲሆን የገጸ ባሕርይዋ አካል አንዴ ስልኩ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው «ይህ ጣት በዚህ ያህል ይታጠፍ» የሚል ቁጥር ብቻ ስለሆነ በጣም ቀላል ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው። የፎርሙ አንድ መስመር ከተቀየረም ያንን ምልክት ብቻ ትቀይራለህ። ቪዲዮ ከሆነ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ልብስ፣ ያንኑ መብራት ፈልገህ እንደገና መቅረጽ ነው።

ምልክቱን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጽሑፍ መግለጽ ነው። የጀርመኑ ሃምበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃምኖሲስ የሚባል የአጻጻፍ ዘዴ ሠርቷል፤ የእጅን ቅርጽ፣ አቅጣጫ፣ ቦታና እንቅስቃሴ በምልክት ይጽፋል። ኮምፒውተር ያንን አንብቦ ገጸ ባሕርይዋን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ከሰው እንቅስቃሴ መውሰድ ነው። ሚዲያፓይፕ የሚባለው የጉግል ነጻ መሣሪያ በተራ ካሜራ ከእያንዳንዱ እጅ ላይ 21 ነጥብ ይከተላል። ችግሩ አንዱ እጅ ሌላውን ሲሸፍን ጣቶቹ ይጠፉበታል፤ በእጅ ማረም ግድ ነው።

እኔ ልጆቹን የምመክራቸው ግን ትልቅ እንዲያስቡ ነው። ብራዚልን ተመልከቱ። ቪሊብራስ የሚባል ነጻ መሣሪያ አላቸው፤ ከፓራይባ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው መንግሥት የሠራው። በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ይገኛል፤ የፈለግከውን ጽሑፍ ስትመርጥ ገጸ ባሕርይው በብራዚል ምልክት ቋንቋ ይተረጉመዋል። እኛም ማንኛውንም የአማርኛ ጽሑፍ በራሱ የሚተረጉም ብንሠራ ፎርም በፎርም ከመልፋት እንድናለን።

ሽምብጥ 07

እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የግል ድርጅት ውስጥ። አማርኛዬ ቢሰናከል ይቅርታ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ፦ ሰው እመርጣለሁ። የሰው ፊት አያለሁ፣ አምናለሁ። አኒሜሽን ብዙ አይቻለሁ። እጅ ይሮጣል፣ ፊት ይተኛል። ሦስት ደቂቃ ካየሁ ዓይኔ ይደክማል። ግን ለአጭር ነገር፣ ለአንድ ሳጥን፣ ለአንድ ቀይ ጽሑፍ፣ ጥሩ ከተሠራ እቀበላለሁ።

ለወንድም ፖሊ ምሩቅ። የብራዚሉን አውቀዋለሁ። እዚያ ያሉ መስማት የተሳናቸው ሰዎችም ቅሬታ አላቸው። ምልክቱ የፖርቱጋልኛውን ቃል በቃል ይከተላል፣ የምልክት ቋንቋውን ሰዋስው አይከተልም ይላሉ። የእኛ ቢሠራ የባሰ ይሆናል። አማርኛ አንድ ግሥ ውስጥ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ አዎ ወይም አይደለም፣ ሁሉንም ይከታል። ማሽኑ አንዷን «አል» ቢዘል «ተፈቅዷል» እና «አልተፈቀደም» ይገላበጣል። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህ በጣም ያስፈራኛል። ስህተት የሆነ ምልክት ምልክት ከሌለው ገጽ ይብሳል። ምልክት ከሌለ ሰው እጠይቃለሁ። ስህተት ካለ አምኜ እጫናለሁ።

ኮፒ ቤቷ፣ አንቺን አመሰግናለሁ። ለእኛ ብዙ ትሠሪያለሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ቅር እንዳይልሽ። ፎርም ለማስሞላት ሰው ጋ ስሄድ ሰውየው ሁሉን ነገሬን ያውቃል። ደመወዜን፣ የሚስቴን ስም፣ ብድሬን፣ የሐኪም ወረቀቴን። ምልክት ስናወራ ደግሞ በሩ ላይ የቆመ ሁሉ ያየናል፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ካለ ከሩቅ ይረዳል። የሚሰማ ሰው በጆሮው ያንሾካሹካል። እኔ በእጄ ማንሾካሾክ አልችልም። የምፈልገው ማታ ቤቴ ተቀምጬ፣ ብቻዬን፣ ማንም ሳያይ ፎርሜን መሙላት ነው። አኒሜሽን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ለሌላ አይደለም።

ለልጆቹ ደግሞ፦ ፍጥነቷ ቀስ የሚል ይሁን፣ እኔ የምቀይረው። መልሼ የማያት ቁልፍ ይኑር። ሳልጫን አትጀምር። ልብሷ ከእጇ ቀለም የሚለይ፣ አንድ ቀለም ብቻ ይሁን። ስልክ ላይ ትልቅ ትሁን፣ የጥፍር ያህል አይደለም። እሷን እያየሁ ሳለ የገጹ ሰዓት አይለቅ። አሁን ሳነብ ሰዓቱ ያልቅና ከመጀመሪያ ጀምር ይለኛል። ለአንዳንድ ነገር የእኛና የአዲስ አበባ ልጆች ምልክት ይለያያል፤ የባህር ዳሩን ለማወቅ ባህር ዳር ያለነውን ይጠይቁ።

ኮፒ ቤቷ

ሽምብጥ 07፣ ቅር አይለኝም። እንዲያውም ይህን የሚነግረኝ ሰው ነበር የምፈልገው። ወንድሜም የባንክ ጉዳዩን ከእኔ ይደብቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እናንተ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሳችሁ እኔ ጋ ለማተም ብቻ ብትመጡ ደስታዬ ነው። ሥራ አይጠፋም፤ ኮፒ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል።

የገጹ ሰዓት ነገር አላሰብኩትም ነበር። ምሩቁ፣ ይህ በቴክኒክ ከባድ ነው?

የፖሊ ምሩቅ

ከባድ አይደለም። «ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋሉ?» የሚል ቁልፍ ማስገባት ነው፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያውም ይጠይቀዋል። ይገርማችኋል፣ በዚያው መመሪያ የምልክት ቋንቋ ትርጉም ከፍተኛው ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሦስት «ኤ» የሚባለው። ብዙ ድርጅቶች ሁለት «ኤ» ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ስለዚህ ሕጉን አሟላን እያሉም የምልክት ቋንቋ ላይኖራቸው ይችላል።

ስለ «አል» ያልከው አሳምኖኛል። በራሱ የሚተረጉመው ይቆይ። ለዚያ የሚሆን በቂ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የቪዲዮ ቅጂም በእጃችን የለም። ቋሚ ዓረፍተ ነገሮች ይዞ መጀመር ይሻላል። እንግሊዞች ከ20 ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ቴሳ የሚባል ነገር ፖስታ ቤት ውስጥ ሞክረው ነበር። ጸሐፊው በማይክ ይናገራል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ገጸ ባሕርይ በምልክት ታሳያለች። ቀድመው ያዘጋጁትን የፖስታ ቤት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምትችለው። ፎርም ደግሞ ከፖስታ ቤትም ያነሰ ቃል ነው ያለው።

አስተርጓሚ ነኝ

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ብናገር አትፍረዱብኝ።

የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንና የዓለም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ማህበር በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ አቫታር አንድ የጋራ መግለጫ አውጥተዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ቀድሞ ለተዘጋጀና ለማይለዋወጥ መረጃ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተሳትፈውበት ከተሠራ፣ ሊያገለግል ይችላል። ሰውን ለመተካት ግን አይሁን። ኮፒ ቤቷ የምትይው የቀይ ጽሑፍና የሳጥን ማብራሪያ የማይለዋወጥ መረጃ ነው። ልክ ቦታው ነው። «ምርመራዎ ይህን አሳይቷል» ወይም «ክስ ቀርቦብዎታል» የሚለው ግን በአኒሜሽን አይነገርም። ሰው ማልቀስ ሊፈልግ ይችላል፣ መልሶ መጠየቅ ሊፈልግ ይችላል። ያቺ ገጸ ባሕርይ ትናገራለች እንጂ አታይም። አንድ አቅጣጫ ብቻ ናት። የእንግሊዙ ፖስታ ቤትም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ደንበኛው በምልክት ሲመልስ ማሽኑ አይረዳውም።

የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንዳንድ ኃላፊ ይህችን አኒሜሽን ሲያይ «አለቀ፣ አስተርጓሚ መቅጠር ቀረልን» ይላል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ አንቀጽ 9 ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሕንፃዎች ባለሙያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መኖርን ጠቅሶ ነው የሚናገረው፤ ስለ ኢንተርኔትም እዚያው አንቀጽ ላይ አለ። ሁለቱም ናቸው የተጻፉት፤ አንዱ የሌላው ምትክ ተብሎ አልተጻፈም። ስለዚህ ልጆቹ ፕሮጀክታቸው ላይ አንድ ቁልፍ እንዲጨምሩ እለምናቸዋለሁ፦ «ሰው ማናገር እፈልጋለሁ»። ሲጫኑት የቪዲዮ ጥሪ ወደ አስተርጓሚ ይሂድ። ዛሬ የሚያነሳው ሰው ባይመደብ እንኳ ቁልፉ ካለ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ይነሳበታል።

አንድ ሌላ ነገር፣ እህቴ። የእኔ ተገልጋዮች ግማሾቹ ወንድምሽን አይመስሉም። ከገጠር ነው የሚመጡት። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ከእናታቸውና ከእህታቸው ጋር የፈጠሩት የቤት ምልክት አላቸው፤ የጣት ፊደልም አያውቁም፣ የከተማውን ምልክትም አያውቁም። ከባህር ዳር በጀልባ ሄደን ዘጌ ላይ ያገኘኋት ሴት የራሷን ስም በእጅ እንዴት እንደሚባል ያሳየኋት እኔ ነበርኩ። ትልቅ ሴት ናት፣ ልጆች አሏት። ለእሷ አኒሜሽኗ ልክ እንደ አማርኛው ጽሑፍ ባዕድ ናት። ለእሷ የሚሆነው ሥዕል ነው፤ የመታወቂያው ሥዕል፣ የፎቶው ሥዕል፣ የጣት አሻራው ሥዕል፣ ከጎኗም የምታውቀው ሰው። ልጆቹ «መስማት ለተሳናቸው ሁሉ» ብለው እንዳይጽፉ። «የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ለሚያውቁ» ይበሉ። እንዲህ ከተጻፈ የቀረው ሰው መኖሩ ይታወቃል።

ምልክቶቹን የሚያጸድቅ ባለሙያ ካስፈለጋቸው ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ምሩቃን በየክልሉ አሉ። መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማህበርንም ቀድመው ቢያናግሩ መልካም ነው።

መስኮት 4

እኔ መስኮት ላይ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የት እንደሆነ ይቅር። አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር።

ክፍያ ይቀየራል። የሚያስፈልገው ሰነድ ይቀየራል። ገጹን የሚያድስ ልጅ ጽሑፉን ያድስና አኒሜሽኗን ይረሳል። ከዚያ ጽሑፉ አዲሱን ዋጋ፣ እሷ አሮጌውን ትናገራለች። መስማት የተሳነው ሰው በአሮጌው ዋጋ ይመጣና መስኮቱ ላይ እንጋጫለን። ስለዚህ ቁጥርና ቀን አብሯት አይቀረጽ። እጇን ወደ ጽሑፉ ዘርግታ «ዋጋው እዚህ ተጽፏል» ትበል፣ ወይም ቁጥሩን ከገጹ ራሷ አንብባ በጣት ትቁጠር። ጽሑፉ ሲቀየር ደግሞ የእሷ ማብራሪያ እስኪታደስ ድረስ በራሱ ይጥፋ።

የስልኩን ጉዳይ በተመለከተ፣ ኮፒ ቤቷ፣ እኛ ጋም «ይደወልለት» የሚል መስመር አለ። ፎርሙ ላይ ደንበኛው መስማት እንደማይችል የሚነግረን ነገር የለም። የምንደውለው ሠራተኞች ክፉ ስለሆንን አይደለም፤ አናውቅም። ያቺ ሳጥን ብትኖር እኔ ራሴ ሜሴጅ እልክ ነበር።

ኮፒ ቤቷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መስኮት 4፣ ሳትደብቅ ስለነገርከን በተለይ አንተን።

ልጆቹን እሺ ልላቸው ነው። ግን እንዲህ ብዬ። የእንኳን ደህና መጣችሁንና የራዕዩን ነገር ይተዉት። አንድ ፎርም ብቻ ይምረጡ፤ እኔ የልደት ምስክር ወረቀቱን እላለሁ፣ ምክንያቱም መስማት የተሳናቸው ወላጆች ለልጆቻቸው ሊያወጡ ሲመጡ በጣም ሲቸገሩ አያለሁ። የዚያን ፎርም ቀይ ጽሑፎች በሙሉ እኔ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ፤ በየቀኑ ስለማያቸው አብዛኞቹን ሳላይ ልጽፋቸው እችላለሁ። መጀመሪያ እነሱ ብቻ ይሠሩ። ከዚያ የስምምነቱ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የፎቶው።

ፊቱን በተመለከተ አልደራደርም። ቅንድብ፣ ዓይን፣ አፍ፣ ራስ መነቅነቅ ከእጁ ጋር አብሮ ይሠራ። ጊዜ ካጠራቸው አሥር ዓረፍተ ነገር ሙሉ ፊት ያለው፣ መቶ ፊት ከሌለው ይሻለኛል።

ምልክቱን እኔ አላጸድቅም። እኔ እሰማለሁ፤ ቋንቋውን ከወንድሜ ነው የወሰድኩት። እንደ እሱና እንደ ሽምብጥ 07 ያሉ ሰዎች ቁጭ ብለው «ይህ አይገባኝም፣ ይህ የእኛ አይደለም» ይበሉ። ለዚያም ይከፈላቸው። ተማሪዎቹ ገንዘብ የላቸውም አውቃለሁ፤ ግን ዩኒቨርሲቲው ለፕሮጀክት ወጪ የሚሸፍነው ነገር ካለ በጀቱ ላይ ከካሜራውና ከላፕቶፑ ጋር የሰዎቹን የቀን አበልም ይጻፉ። ሰው ሥራ ትቶ ነው የሚመጣው። የእንጨት ሠራተኛው አንድ ቀን ከቀረ ያ ቀን እንጀራው ነው።

«ሰው ማናገር እፈልጋለሁ» የሚለው ቁልፍና «በሜሴጅ ጻፉልኝ» የሚለው ሳጥን ይገባሉ። ሁለቱም አኒሜሽን አይደሉም፤ ልጆቹ «ከፕሮጀክታችን ርዕስ ውጭ ነው» ሊሉ ይችላሉ። እኔ ደግሞ ያለ እነሱ የመሞከሪያ ላፕቶፓችሁን ቤቴ አላስቀምጥም እላቸዋለሁ። እትዬ አስተርጓሚ፣ የዘጌዋን ሴት ነገር ሳስበው ነው ያደርኩት። የሥዕሉን ሐሳብ ለብቻው እናነሳዋለን፤ አኒሜሽኑ ውስጥ ሸጉጠን የምንገላገለው አይደለም። ፈቃድዎ ከሆነ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

ሽምብጥ 07፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ እኔ ጋ ይመጣሉ። መምጣት ትችላለህ? ወንድሜም ይኖራል።

ሽምብጥ 07

እመጣለሁ። ሁለት ጓደኞቼንም ይዤ፤ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፣ አማርኛ ብዙ አታነብም፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትሞክረው። ፎርሙን ቀድመሽ ላኪልኝ፣ አንብቤ ልምጣ። ቤትሽ ጀርባ ያለው ክፍል ጨለማ ነው፣ ፊት ለፊት ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ ወንበር አውጪ። ልጆቹ ደግሞ ስንነጋገር ስልካቸውን አይዩ፤ እኛን ይዩ።

ኮፒ ቤቷ

ፎርሙን አሁን ልኬልሃለሁ። ወንበር አወጣለሁ፣ ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።